ቀለም የተቀባው ጠረጴዛ

ረሃቡ ገና እግሩን ሳይነቅል አብዮቱ ደረሰብን። እኔ ያኔ መካነ ሰላም ውስጥ የእጅ ጽሑፌ ያማረ የቢሮ ጸሐፊ ነበርኩ፤ ሌላ የሚያምር ነገር አልነበረኝም። በዚሁ ጽሑፌ የተነሳ የሸክላ ሠሪዎች ማኅበር ኃላፊ ተደረግሁ። ስለ ሸክላ የማውቀው ከእሱ ውሃ መጠጣት ብቻ ነበር።

ሠሪዎቹ አራት ሴቶች ነበሩ። ትልቋን "እማማ" እላቸዋለሁ። የተፈናቃዮች መጠለያ እንስራ አዝዞናል፤ እንስራው ደህና ከወጣ ለሴቶቹ ስንዴ ይሰፈርላቸዋል፤ ከተሰነጠቀ ምንም የለም።

"ጭቃውን የምታሹበት ቁርበት የታለ?" አልኩ በመጀመሪያው ቀን፣ የንብረት ዝርዝሩን እያነበብሁ።

"በላነው" አሉ እማማ።

ሳቅሁ። ጨዋታ መስሎኝ። ከአራቱ አንዳቸውም አልሳቁም። በዚያ ዘመን ወሎ ውስጥ ቁርበት ተቀቅሎ እንደሚበላ የማያውቅ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ደመወዝተኛ ነበርኩዋ!

ሀፍረቴን በሥራ ልሸፍን ብዬ የስብሰባውን ጠረጴዛ ከቢሮ አስመጣሁ። አረንጓዴ የዘይት ቀለም የተቀባ፣ ፊት የሚያሳይ።

"ልጄ፣ ይሄ አይሆንም። ጭቃ ውሃውን የሚጠጣለት ይፈልጋል። ሻካራ ድንጋይ ፈልግልን፤ እኛ መሸከሚያ ጉልበት የለንም።"

"እማማ፣ መሬት ላይ ማጎንበስ ከፊውዳሉ ጋር ቀርቷል!"

"ወላሂ፣ ጭቃው ይህን አልሰማም።"

ትእዛዝ ነውና አሹት። ጭቃው ቀለሙ ላይ እንደ ሙጫ ተጣበቀ፤ ሲልጡት ግማሹ ይቀራል። ውሃው አልወጣ፣ አየሩ አልወጣ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ "በርቱ!" እላለሁ። እንስራዎቹን ሠርተው እሳት ሲያስገቧቸው ጧ፣ ጧ እያሉ ፈነዱ። ስንዴውም አብሮ ሄደ። ማንም አልሰደበኝም፤ ለስድብም አቅም ያስፈልጋል።

በማግስቱ ከጓሮዬ ፀሐይ የምሞቅበትን ጠፍጣፋ ድንጋይ ተሸክሜ ገበያውን አቋረጥሁ።

"ጓድ፣ ቤትህን ድንጋይ በድንጋይ ነው የምታጓጉዘው?" አለኝ አንድ ጨው ሻጭ።

እማማ እፍኝ ጭቃ ድንጋዩ ላይ ደፍጥጠው ትንሽ ቆዩና አነሱት። ድንጋዩን ሳይዝ ተነሳ። "ይሄ ይጠጣል" አሉ። ለማሸት ግን ክንዳቸው ከዳቸው። እኔ ተንበረከክሁ።

"በመዳፍህ ግፋው! ጭቃ ነው እንጂ ማመልከቻ አይደለም፣ አታባብለው!"

እንስራዎቹ ደርቀው ለሁለተኛ ጊዜ እሳት ሲገቡ ከሁለቱ በቀር ሁሉም ደህና ወጡ። ስንዴው ተሰፈረ። እማማ ድርሻቸውን በነጠላቸው ጫፍ ተቀበሉ። ቤታቸው ድረስ ግን መታገሥ አልቻሉም፤ እዚያው ግድግዳውን ተደግፈው ጥሬውን አንድ አንድ ፍሬ እያነሱ በቀሩት ጥርሶቻቸው ያላምጡ ጀመር። ፈዝዤ ሳያቸው ቀና አሉ።

"ሂድ ሥራህን ሥራ። ሰው ሲበላ አይታይም።"

ሄድሁ። ቢሮዬ ገብቼ መዝገብ ገለጥሁ፤ ጠዋት ለቀጣዩ ዙር ጭቃ ያሸሁበት ክንዴ ዝሎ ብዕሩን አልይዝ አለኝ።