ማቴዎስ ያልነካው ብሎን

ይህን ለሚስቴ ነግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ «ዋሽቻለሁ» ብያቸዋለሁ፤ የትኛውን ውሸት እንደሆነ ግን አልነገርኳቸውም። አንባቢ ሆይ፣ እንግዲህ አንተ ስማኝ።

እኔ ታደሰ ነኝ። ሀዋሳ ውስጥ ማሽን ተክሎ ልኩን በማስያዝ ከእኔ የሚበልጥ አልነበረም፤ ዛሬም ያለ አይመስለኝም። ትምህርት ቤት ገብቼ የተማርኩት አይደለም። የማሽን ውሃ ልክ ቁጡ ዕቃ ነው፤ ከሥሩ ወረቀት ቢገባ እንኳ በብርጭቆው ውስጥ ያለችው አረፋ ትሸሻለች። መሣሪያው ራሱ መሳሳቱ የሚታወቀው ደግሞ በማዞር ነው። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠህ አረፋዋን ታያለህ፤ ከዚያ እዚያው ቦታ ላይ ፊቱን አዙረህ ታያለህ። ሁለቱ ካልገጠሙ የልዩነቱን ግማሽ በማስተካከያው ብሎን ትመልሳለህ፤ ሌላው ግማሽ የጠረጴዛው ጥፋት ነው። ሰው ሁሉ ሙሉውን ሲመልስ፣ ግማሹ ብቻ መመለስ እንዳለበት ማንም ሳይነግረኝ ደረስኩበት።

ይህን የማውቅ ሰው ነኝ የበደልኩት። ባላውቅ ኖሮ ስህተት ይባልልኝ ነበር።

ሐጂ ሸምሱ ለወርክሾፓቸው ትልቅ ቶርኖ፣ የብረት መቅረጫ ማሽን፣ ገዝተው እንድተክልላቸው ጠሩኝ። ከታቦር ሰፈር ስወርድ ባጃጁ ጉድጓድ ገባና የውሃ ልኩ ሣጥን ከጭኔ ላይ ወደቀ። ድምፁን ሰምቻለሁ። የወደቀ መሣሪያ ሳይፈተሽ ሥራ ላይ አይውልም። ሐጂና ሠራተኞቹ ግን ቆመው ይጠብቁኝ ነበርና አውጥቼ ማሽኑ ላይ አሳረፍኩት።

ቶርኖውን የሚሠራበት ማቴዎስ ይባላል። ቴክኒክ የተማረ፣ የሁለት ልጆች አባት፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ አንዴ አዙረን ብናየውስ?» አለኝ።

«ይህን ውሃ ልክ እኔ ስይዘው አንተ ዳዴ ትል ነበር» አልኩት። ሰዎቹ ሳቁ። እሱም አብሯቸው ሳቀ።

በአንደኛው የማሽኑ ጫፍ የውሃ ልኩን ፊት ወደ እኔ አድርጌ ለካሁ። በሌላኛው ጫፍ ግድግዳው ስላላመቸኝ አዙሬ ለካሁ። መሣሪያው ደህና ቢሆን ምንም አልነበረም። ደህና ስላልነበረ ግን ስህተቱ እጥፍ ሆነ፤ ረጅሙ የማሽኑ አካል እንደተጣመመ በእግሩ ብሎኖች ታሰረ።

በሳምንቱ ሐጂ አስጠሩኝ። ከቶርኖው የሚወጣው ዘንግ ሁሉ አንዱ ጫፉ ወፍሮ ሌላው ይቀጥናል። ከመሄዴ በፊት ቤቴ ውስጥ ውሃ ልኩን አዞርኩት። አረፋዋ ጥግ ድረስ ሸሸች። ያን ጊዜ አወቅሁ። አውቄስ ምን አደረግሁ? ግማሹን መለስኩ፤ አዞርኩ፤ እንደገና መለስኩ፤ በሁለቱም በኩል አንድ ቦታ እስክትቆም ድረስ። በሕይወቴ እንደዚያ አሳምሬ አርሜ አላውቅም። ከዚያ ሄጄ በሁሉም ፊት አዞርኩላቸው።

«ይኸው ሐጂ፣ መሣሪያዬ ንጹሕ ነው።»

«ታዲያ ማሽኑን ምን አጣመመው?»

«የእግሩን ብሎን የነካ ሰው አለ።»

የብሎኑ ቁልፍ ያለው ማቴዎስ ዘንድ ብቻ ነበር። «እግዚአብሔር ያውቃል፣ አልነካሁም» አለ። ከዚያ እኔን አየኝ። አዙረን እንየው ያለው እሱ ነበር፤ አሁን ሲዞር ልክ ሆነ። ምን ሊል ይችላል? የለመነኝን ፈተና ምስክር አድርጌ አቆምኩበት።

እኔ ማሽኑን እንደገና ልኩን አስይዤ ተመሰገንኩ። እሱ ከሥራው ወጣ። አዲስ ማሽን ያበላሸ ተብሎ ሌላ ቶርኖ ቤት አልቀበል አለው። ስለ እሱ ሲጠይቁኝ ዝም አልኩ። ዝም አልኩ ልበል? «ጥንቃቄ ይጎድለዋል» ብያለሁ። እኔ ነኝ ያልኩት።

ዛሬ ማቴዎስ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ገበያ፣ ዓሣ ይበልታል። ባለፈው ወር ዓሣ ልገዛ ሄጄ አገኘሁት። ብድግ ብሎ፣ እጁ ስለቆሸሸ የእጁን አንጓ ዘረጋልኝ።

«ጋሼ፣ አሁንም ይሠራሉ?»

«ከእኔ ሌላ ማን አለ?» አልኩት። ይህንንም አልኩ።

ቢላዋውን እያበሰ «ሳስበው ሳስበው፣ ሌላ ብሎን ሳጠብቅ የእግሩንም ነክቼው ይሆናል እላለሁ» አለኝ። «እርስዎ እንደሆኑ መሣሪያውን አዙረው አሳይተውናል።»

እውነቱ አፌ ድረስ መጣ። ዓሣው ተቆራርጦ እስኪጠቀለልልኝ ድረስ በቂ ጊዜ ነበረኝ።

«ያጋጥማል፣ ልጄ» አልኩት።

ሰውዬውን ከሥራው ብቻ አይደለም ያስወጣሁት፤ የገዛ እጁን እንዳያምን አድርጌዋለሁ። የመጀመሪያውን በድንጋጤ አደረግሁት ብል፣ ይህን ሁለተኛውን በምን አመካኛለሁ?

አንባቢ ሆይ፣ ከአንተ ይቅርታ አልጠይቅም፤ የምትሰጠኝ አንተ አይደለህም። ነገ ጠዋት ሄጄ እነግረዋለሁ ብዬ ልጽፍልህ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ዓሣ ገዝቼ ተመለስኩ።