ወንጫፊ ተብዬ

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ሮተርዳም ውስጥ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ተቀጥሬ ነበር። አንድ ክረምት ለአምስተርዳም ኤግዚቢሽን የሚሆን የጥንት የጦር መርከብ እንድንሠራ ታዘዝን። ሙሉውን ሳይሆን የጎኑን ቁራጭ ነው፤ ቀዛፊዎቹ በሦስት ደርብ የሚቀመጡበትና ከእነሱ በላይ ተዋጊዎች የሚቆሙበት ወለል ያለው። የእኔ ድርሻ መቅዘፊያዎቹን መላግ ነበር።

ኤግዚቢሽኑን የምታዘጋጀው ሆላንዳዊት የታሪክ ምሁር ሥራው የት እንደደረሰ ልታይ ትመጣለች። አንድ ቀን ወለሉ ላይ ወጥታ ስለ ወንጫፊዎቹ ነገረችን። የጠላት መርከብ ሲቀርብ ድንጋይና የእርሳስ ጥይት ያዘንባሉ፤ ቦታው ጠባብ ስለሆነም ወንጭፉን ሲያዞሩ የገዛ ጓደኛቸውን እንዳይመቱ መጠንቀቅ አለባቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ በአገሬ ወንጭፍ ይኖር እንደሆነ ጠየቀችኝ። አለ አልኳት። እሷ ግን አውቅበታለሁ ያልኩ መሰላትና በመክፈቻው ዕለት ለእንግዶች እንዳሳይላት ለመነችኝ።

ፒያሳ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ወንጭፍ በእጄ ነክቼ አላውቅም። ግን እዚያ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ያዝ፣ አንሳ፣ ጥረግ ከማለት አልፎ ምን ታውቃለህ ያለኝ አልነበረም። እሺ አልኩ።

ዴን ሃግ፣ ማለትም ዘ ሄግ ከተማ፣ ትራንስቫል የሚባለው ሰፈር ገበያው አጠገብ፣ የማከብራቸው አንድ ኤርትራዊ ሽማግሌ ነበሩ። አዲስ አበባ ሲሠሩ የለመዱት አማርኛቸው ከእኔ የጠራ ነው። በየበዓሉ ቤተ ክርስቲያን እንገናኛለን፤ አንዳንዴም ምሳ ይጋብዙኛል። በማግስቱ ቅዳሜ መንደሪን ገዝቼ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ወንጭፍ እንዲያስተምሩኝ ነው የመጣሁት» አልኳቸው።

መንደሪኑን እየላጡ ነበር፤ ተዉት።

«ለምን እኔን?»

«ያው... እርስዎ ከዚያ ወገን ስለሆኑ፣ ያውቁበታል ብዬ።»

«ከየት ወገን? እኔ አስመራ ነው የተወለድኩት። አሥራ ምናምን ዓመት ሲኒማ ቤት ፊልም የማሳየው እኔ ነበርኩ።»

እንዳይቀየሙኝ ብዬ የሴትዮዋን ነገር መተረክ ጀመርኩ። ሳታጣራ እንዴት እንደገመተችኝ እየነገርኳቸው ሳለ የራሴን ንግግር ሰማሁት። መሐል ላይ አቆምኩ። ፊቴ ሲግል ይታወቀኛል።

«እሷስ አታውቅህም» አሉኝ ቀስ ብለው። «አንተ እኮ ቤቴ ስትበላ ስንት ጊዜህ ነው።»

እውነታቸውን ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ገበታቸው ላይ ስቀመጥ ስለ ራሴ አወራለሁ እንጂ ምን ይሠሩ ነበር ብዬ አንድ ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም። ይቅርታ አልኳቸው። መንደሪኑን ከፍለው ግማሹን ሰጡኝ።

ሰኞ ሴትዮዋ ስትመጣ ወንጭፍ እንደማላውቅ ነገርኳት። እስከ ጆሮዋ ቀላች። መጠየቅ ነበረብኝ፣ ዝም ብዬ ገመትኩ አለች። ከእሷ እፍረት ይልቅ የእኔ ይከብድ እንደነበር አላወቀችም። ወንጫፊው ከእንጨት ተቀርጾ ወለሉ ላይ ቆመ።

ለመክፈቻው ሽማግሌውን ጋበዝኳቸው። አይመጡም ብዬ ነበር፤ ከረባት አስረው መጡ። መርከቡን ዞረው አዩና ከታች ያሉት ቀዛፊዎች ውጊያው ይታያቸው እንደነበር ጠየቁኝ። አይታያቸውም፣ ድምፁን እየሰሙ ይቀዝፉ ነበር አልኳቸው። ሴትዮዋ ስትቀላቀለን አስተዋወቅኋቸውና ሥራቸውን ጠየቀቻቸው። ልመልስላቸው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። በተሰባበረ ሆላንድኛ ራሳቸው ነገሯት።

ስንመለስ ባቡር ውስጥ ስለ ሲኒማ ቤቱ ጠየቅኋቸው። ፊልሙ መሐል ላይ ሲበጠስ ተመልካቹ እንዴት እንደሚያፏጭ፣ እሳቸው በጨለማ እንዴት እንደሚቀጥሉት አጫወቱኝ። እየሳቁ ነው የሚያወሩት። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩም። ዴን ሃግ ሲደርሱ ትከሻዬን መታ አድርገው ወረዱ። ሮተርዳም እስክደርስ በመስኮቱ ወደ ውጭ ሳይ ቆየሁ።