ኻሊድ ማጉረስ የተወ ሰሞን

ሾላ ገበያ አጠገብ ቁምሳጥን የሚሠራው ኻሊድ በ1989 ዓ.ም. የጨጓራ ካንሰር ተገኘበት። ሐኪሙ «በምራቅ የሚተላለፍ ቫይረስም ሊኖርበት ይችላል» ሲሉት፣ ሌላው ቃላቸው ጆሮው አልገባም። ከዚያ ወዲያ የስድስት ዓመት ልጁን ሪሀናን ማጉረስ ተወ።

«ምነው ሰውዬ፣ በደህናህ ነው? ልጅቷ አኮረፈችህ እኮ!» አለችው ሚስቱ ዘኪያ።

«ከአፌ በወጣ እጅ ሳጎርሳት ኖሬ፣ በሽታዬን ሰጥቻት ቢሆንስ?» አለ።

ዘኪያም ፈራች። በማግስቱ ተያይዘው ወደ ሐኪሙ ሄዱ።

«ቫይረሱማ እኔም ጋ ይኖራል፤ አብዛኛውን ሰው በልጅነቱ ይይዘዋል፣ ካንሰር የሚያመጣው ግን በጥቂቱ ላይ ነው» አሉ ሐኪሙ። «አጉርሳት። አደጋውን የሚጨምሩት ሲጋራ፣ ጨው የበዛበት ምግብና የእንጨት ብናኝ ናቸው።»

ዘኪያ «አልሐምዱሊላህ!» አለች። ኻሊድ ግን እንደገና ደነገጠ፤ ሪሀና ከትምህርት ቤት መልስ ስትጫወት የምታመሸው እሱ ቁምሳጥን በሚሠራበት ቤት፣ በመጋዝ ብናኝ ላይ ነው።