«ዝምድና፦ የለም» ብዬ የፈረምኩበት ፋይል

እኔ መቀሌ ውስጥ ዘመድ የለኝም። ይህን የምለው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ ለብዙ ዓመት እንጀራ የበላሁበት ነገር ስለሆነ ነው።

የምሠራው የታክስ ቅሬታ በሚታይበት ክፍል ነው። አንድ ነጋዴ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተወስኖበት «ይሄማ ልክ አይደለም» ካለ የቅሬታ ማስታወቂያ ያስገባል። ያንን መርምሮ ግምቱ ይጽና ወይም ይሰረዝ ብሎ የሚወስነው ከእኛ አንዱ ነው። ማን የየትኛውን ክፍለ ከተማ ቅሬታ እንደሚወስን ደግሞ ሓላፊያችን በየዓመቱ በደብዳቤ ይመድባል። ከደብዳቤው በፊት ግን አንድ ወረቀት ይዞራል፤ እያንዳንዳችን በሥጋ፣ በጋብቻ፣ በክርስትና የሚዛመደንን ነጋዴ ሁሉ ከነሰፈሩ እንጽፋለን። ዘመድህ ባለበት ሰፈር አትፈርድም። በየፋይሉ ላይም ያው ጥያቄ በአንዲት መስመር ይደገማል።

ባልደረቦቼ ይህን ወረቀት ሲሞሉ ማየት ነበር። ከፊት ለፊቴ የምትቀመጠው ሴትዮ የወረቀቱን ጀርባ ጨርሳ ትርፍ ትጠይቃለች። ከተማው እንዲህ ነው፤ ሁለት ሰው ቆሞ ሰላም ከተባባለ፣ እንትናን ታውቀዋለህ ወይ ሲባባል ዝምድና ይወጣዋል። እኔ ደግሞ የደሴ ልጅ ነኝ። ለትምህርት መጥቼ፣ እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ ካለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ተመርቄ፣ ሥራ አገኘሁና ቀረሁ። ወረቀቱ ሲደርሰኝ ስሜን እጽፋለሁ፣ ከላይ እስከ ታች አንድ መስመር አሰምርበታለሁ፣ እፈርማለሁ። አንድ ደቂቃ አይፈጅብኝም። «አንተማ መልከ ጼዴቅ ነህ፣ አባት የለህ እናት የለህ» ትለኛለች ሴትዮዋ። እኔም እስቃለሁ። ሥቄ ሳበቃ ግን ያቺን የተጨናነቀች ወረቀቷን ሰረቅ አድርጌ ነበር የማየው፤ ቅናት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

በዚህ የተነሣ የዓይደር ክፍለ ከተማ ሁልጊዜ ለእኔ ይደርስ ነበር። ከባልደረቦቼ ዓይደር ውስጥ ሰው የሌለው አልነበረማ።

እኔም ግን አንድ ሰው ነበረኝ። ከዓይደር ሆስፒታል በር ወረድ ብሎ ሱቅ ያላት ሴት ናት። ፔርሙዝ፣ ብርድ ልብስ፣ ሳፋ፣ ነጠላ ጫማ፤ በሽተኛ ይዞ ከገጠር የመጣ ሰው ረስቶት የሚመጣውን ሁሉ ትሸጣለች። ባሏ ቀድሟት ሄዷል፤ እግዜር ልጅ አልሰጣትም። ሥራ እንደያዝኩ ከግቢዋ አንዲት ክፍል ተከራየሁና ሰባት ዓመት ኖርኩ። መጀመሪያ «እርስዎ» እላት ነበር፤ አንድ ቀን «እዚህ ቤት እንግዳ የለም» ብላ አስተወችኝ። ከዚያ በኋላ እኔ «አደይ» እላታለሁ፣ እናቴ ማለት ነው። እሷም «ወደይ» ትለኛለች፣ ልጄ።

እንደ እናት ደግሞ ትነዘንዝ ነበር። ከዓይናለም ጉድጓድ የሚሳበው የቧንቧ ውሃ በወረፋ የሚመጣበት ቀን እኔ ቢሮ ነኝ፤ ጄሪካኔን ሞልታ በሬ ላይ ታስቀምጥና ስገባ «ውሃውን የማይቀዳ ወንድ ማን ያገባዋል» ትላለች። እኔም ቁጣ አያጣኝም፤ «ማን ቅጂ አለሽ» እላለሁ። ስንጣላ ጎረቤት ይሰማል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በሩን በእግሯ ገፋ አድርጋ፣ ሁለት እጇ በትሪ ተይዞ፣ እንዳኮረፈች ትገባለች። ታይፎይድ የያዘኝ ጊዜ ሱቋን ዘግታ አጠገቤ ተቀመጠች። መንገዱ ተዘግቶ፣ ባንክም ስልክም ደመወዝም የሌለበት ያ ጊዜ ሲመጣ፣ ከደሴ የእናቴ ድምፅ ተቋርጦብኝ ግድግዳ ለግድግዳ ስሄድ፣ «ኣጆኻ ወደይ፣ አይዞህ፤ እናትህ በሕይወት አለች፤ ልቤ አለች ይለኛል» እያለች በየቀኑ ታጽናናኝ ነበር። እውነቷን ነበር፤ እናቴ በሕይወት ነበረች። ነገሩ ሲረጋ የእህቷ ልጆች ከገጠር መጡና ክፍሌ አስፈለገቻቸው። «ውጣ» ማለት አቅቷት ሳምንት ሙሉ ስትሽቆጠቆጥ አይቼ ራሴ ወጣሁ። እሑድ እሑድ ግን እዚያው ነበርኩ።

ቢሮው እንደገና ሥራ ከጀመረ በኋላ ነው የእሷ ፋይል ጠረጴዛዬ ላይ ያረፈው። ሱቋ በክፉው ጊዜ ለወራት ተዘግቶ ነበር። ግምቱን የሠራው ባለሙያ ግን የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኗ ዝም ማለቱን አየና፣ «ያለ ደረሰኝ ስትሸጥ ነበር» ብሎ በቀድሞው ዓመት ልክ ታክስ ጣለባት። ቅሬታ አስገባች። ቅሬታው እስኪወሰን የታክስ ክሊራንስ አታገኝም፤ ያለ ክሊራንስ ንግድ ፈቃዷ አይታደስም፤ ካልታደሰ ሱቁ ይታሸጋል። የእህቷን ልጆች የምታበላው ከዚያች ሱቅ ነው።

ፋይሉን ከፈትኩና ያቺን መስመር አየኋት። ከቅሬታ አቅራቢዋ ጋር ያለ ዝምድና፦

ስሟን አውቃለሁ፣ የምትወደውን ቅዳሴ አውቃለሁ፣ የትኛው ጉልበቷ እንደሚያማት አውቃለሁ። «አለኝ» ብዬ ብጽፍ ፋይሉ ከእኔ ይወጣና ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ይላካል፤ ወደዚያ ሄዶ በጊዜ የተመለሰ ፋይል እኔ አላየሁም። ቅጹ ደግሞ የሚጠይቀው ሥጋ፣ ጋብቻ፣ ክርስትና ነው። ተከራይ የሚል የለበትም። ስለዚህ «የለም» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

በሕጉ አልዋሸሁም። ግን እዚህ ላይ ራሴን ቅዱስ ማድረግ አልፈልግም። ለእሷ አስቤ ብቻ አይደለም። ያን ንጹሕ ወረቀቴን ወድጄዋለሁ፤ ሓላፊያችን በስብሰባ ላይ «እንደዚህ ልጅ ነጻ የሆነ የለም» ሲል አንገቴ ቀና ይላል። ደግሞም ራሴ ልወስንላት ፈለግሁ። ልጅ ለእናቱ ቤት ሠርቶ ቁልፍ እንደሚሰጣት ያለ ነገር አማረኝ።

ጉዳዩን በአግባቡ ነው ያየሁት። ቴክኒሻን አስጠርቼ የማሽኑን ሜሞሪ አስነበብኩ፤ በእነዚያ ወራት አንድም ጊዜ አልተነካም። ሱቁ ተዘግቶ እንደነበር የሰፈሩ አስተዳደር በደብዳቤ አረጋገጠ። ማንም ቢያየው ውሳኔው ያው ነበር፦ ግምቱ ይሰረዝ። በዚያ ሰሞን እሑድ ስሄድ ስለ ፋይሉ ትንፍሽ አላልኩም፤ እሷም አልጠየቀችኝም። ፋይሉ በማን እጅ እንዳለ እንኳ አታውቅም ነበር።

ውሳኔዋን ልትወስድ የመጣች ቀን ነጭ ነጠላዋን አጣፍታ ነበር። እንደ ሌላው ባለጉዳይ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እኔ ደስታዬን ደብቄ፣ ኮስተር ብዬ፣ ፋይሉን ወደ እሷ አዞርኩና «እዚህ ጋ ይፈርሙ» አልኩ። ሰው ፊት ስለሆነ «ይፈርሙ» አልኩ እንጂ በሆዴ እየሳቅሁ ነበር። እሷ አማርኛ የተማረችው በድሮ ጊዜ ትምህርት ቤት ነው፤ የሰጧትን ወረቀት ሁሉ ካላነበበች አትፈርምም። ጣቷን ፊደሉ ላይ እያስኬደች ከላይ ጀመረች። ቅጹ ከውሳኔው በላይ መያያዙን የረሳሁት እኔ ነኝ። ጣቷ ያቺ መስመር ላይ ቆመ።

«የለም» ብላ አነበበች። ጮክ አላለችም። ቀጥላ ፊርማዬን አየችው፣ ውሳኔውን እስከ መጨረሻው አነበበች፣ ፈረመች፣ አመስግና ወጣች።

ደረጃው ላይ ደረስኩባት። ቅጹ እንዲህ ነው፣ ሕጉ እንዲህ ይላል፣ ያን ባልጽፍ ፋይልሽ ይሄድ ነበር፤ እየተንተባተብኩ ሁሉንም ዘረገፍኩት። እሷ የደረጃውን ብረት ይዛ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ውሳኔው እውነት ነው?» አለችኝ።

«እውነት ነው አደይ። ማሽኑ ራሱ ይመሰክራል።»

«ጽቡቕ፣ ጥሩ። እንግዲህ ስማኝ። አንተ ‹የለም› ብለህ ፈርመሃል። ነገ ሰው እኔ ቤት ስትገባ ስትወጣ ቢያይህ ‹ለእናቱ ፈረደላት› ይላል። እውነቱ ውሸት ይሆናል፣ አንተም ከሥራህ ትባረራለህ፣ የእኔም ሱቅ ይታሸጋል። ከዛሬ ጀምሮ ቤቴ አትምጣ።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪረሳ» አለች። ነጠላዋን አስተካክላ ወረደች። ተቆጥታ ቢሆን እወድ ነበር፤ ቁጣዋን ለምጄዋለሁ።

አላስቻለኝም። ሓላፊያችን ዘንድ ገብቼ «ቅጹ ላይ ያልጻፍኩት ነገር አለ፣ ላስተካክል» አልኩት። ነገሩን ከሰማ በኋላ መነጽሩን አወለቀ። «እንዲህ ብለህ ከጻፍክ ውሳኔው ይሻራል፣ ጉዳዩ ከዜሮ ይጀምራል፤ ሴትዮዋን ራስህ ታሳሽጋታለህ» አለኝ። «ካልጻፍክ ደግሞ እኔም አልሰማሁም።» ላም እሳት ወለደች አሉ፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። ተውኩት። ፈቃዷ ታደሰ።

የመጀመሪያው እሑድ ምን እንደማደርግ ጠፋኝ። ሸሚዜን ለብሼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» ይባላል፤ ደሴ ልሂድ ብዬ አሰብኩና ደሴ ያለችው እናቴ ራሷ «ያቺ ሴትዮ ደኅና ናት?» ብላ እንደምትጠይቀኝ ትዝ አለኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? ሌላ ጊዜ ያለ ምንም ጉዳይ የዓይደር ሚኒባስ ውስጥ እገባለሁ፣ በሱቋ በኩል ያለውን መስኮት እይዛለሁ። አንዳንዴ ብርድ ልብስ ስታጣጥፍ አያታለሁ። አንድ ቀን ሚኒባሱ ሰው ሊያወርድ እደጇ ላይ ቆመና ዐይን ለዐይን ተያየን። ፈገግታዋ ሊመጣ ሲል አየሁት። ወዲያው ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረችና የተደረደረውን ፔርሙዝ እንደገና መደርደር ጀመረች። ረዳቱ «ወራጅ አለ?» አለ። አልወረድኩም።

ናፍቆት የሩቅ አገር ነገር ይመስለኝ ነበር። በባጃጅ ሩብ ሰዓት የማይፈጅ ቦታ ያለ ሰው እንዲህ አንጀት ይበላል አላልኩም። ንዝንዟ ናፈቀኝ። በሩን በእግሯ ስትገፋው የሚሰማው ድምፅ ናፈቀኝ። በበዓል ቀን ምግብ ቤት ገብቼ ብቻዬን ስበላ፣ አስተናጋጇ «ብቻዎን ነዎት?» ስትለኝ፣ እንዲያው ጥያቄ ሆኖ ሳለ ተናደድኩባት። ምደባ ሲመጣ ሓላፊያችን ዓይደርን አዲስ ለተቀጠረ ሰው እንዲሰጥልኝ ለመንኩት። ሰጠልኝ። እንጃ፣ ከዚያ በኋላ ተረስቷል ትል ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። አልላከችብኝም።

ያለፈው ሰሞን ከሱቋ ጎን ልብስ የሚሰፋው ሰውዬ ለጉዳይ ቢሮአችን መጥቶ፣ «ጎረቤቴ የሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ሆና ተኝታለች» ብሎ ለባልደረባዬ ሲያወራ ሰማሁ። ሰዓቱ ስድስት ተኩል ነበር። ባጃጅ ይዤ ሆስፒታሉ ደረስኩ። የመጠየቂያ ሰዓት አይደለም፤ የክፍሉ በር ላይ ያለው ጥበቃ ከቤተሰብ በቀር አይገባም አለኝ።

«እንታይካ እያ?» አለኝ፤ ምንህ ናት ማለቱ ነው።

«ልጇ ነኝ» አልኩት። እንዲህ ብዬ ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። አፌ ላይ አልከበደኝም።

ስሜንና የምሠራበትን ጠየቀኝና ገባ። ቆየ። በመስታወቱ በኩል የአልጋ ጫፍና ነጭ ነጠላ ብቻ ይታየኛል። ሲመለስ ፊቱ ግራ የገባው ሰው ፊት ነበር።

«‹ልጅ የለኝም፤ ይህ ሰው ፋይሌን ያየልኝ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፣ ወደ ሥራው ይመለስ› አለችኝ» አለ።

«እሺ» አልኩ። ከበሩ ሁለት እርምጃ እንደራቅሁ ጥበቃው ተከተለኝ።

«ቆይ ወንድሜ። ልወጣ ስል መልሳ ጠራችኝ። ‹ምሳ በልቶ እንደሆነ ጠይቀው› ብላኛለች።»

በመስታወቱ አየሁ። ነጠላው ተነቃነቀ፤ ወደ በሩ ለመዞር የሞከረች መሰለኝ።

«በልቷል በልልኝ» አልኩት። አልበላሁም ነበር።