ነጭ ክር የታሰረበት ቁጥቋጦ

ከባለቤቴ ከሰሎሞን ጋር የሠራነው የመጨረሻ ተራ ነገር ጋራዥ መጥረግ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ከመደርደሪያው ላይ በቀበቶ የታሰሩ ሁለት ሳንቃዎች አውርዶ ማሰሪያውን ሲፈታው፣ የቆየ ጋዜጣና የደረቀ እንጨት ሽታ ወጥቶ ፊቴን መታኝ።

«ይሄስ ይጣል?»

«ተወው፣ የአባቴ ነው። ታሪክ አለው።»

«እስቲ ንገሪኛ።»

«ረጅም ነው፣ ማታ እነግርሃለሁ» አልኩት፤ ሳቀና መልሶ አሰረው። ማታ ደክሞኝ ተኛሁ። ማክሰኞ ዕለት ሥራ ቦታው ላይ እንዳለ ልቡ ቆመ። ለእሱ ሳልነግረው የቀረሁትን ነው አሁን የምጽፈው።

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው አሜሪካ፣ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ ውስጥ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ባለ አፓርትመንት ሁለተኛ ፎቅ ነበር። አባቴ አገር ቤት የዕፅዋት መምህር ነበር፤ እዚህ ከመጣ በኋላ ግን አምስቱን ቀን ዴንቨር መሀል ባለ ሆቴል አንሶላ ሲያጥብ ይውልና፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሄርባሪየም ወደሚባለው የደረቁ ዕፅዋት ማኖሪያ ሄዶ በነጻ ያገለግል ነበር። ሥራው ሌሎች ሰብስበው ያመጡትን ቅጠልና አበባ ወፍራም ወረቀት ላይ መለጠፍ ነው። በየወረቀቱ ግርጌ የት፣ መቼና በማን እንደተሰበሰበ ይጻፋል፤ የለጣፊው ስም አይጻፍም። እናቴ «አንተ ሰውዬ፣ የሰው ጭራሮ ስትለጥፍ ልታረጅ ነው?» ስትለው፣ «የራሴን የማመጣበት ቀን አለ» ይላት ነበር።

ዘጠኝ ዓመት የሞላኝ ጊዜ፣ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ ከቻምበርስ ሮድ ወዲያ ባለው ጅረት ዳር ይዞኝ እየሄደ ሳለ ድንገት ቆመ። ቅጠል የሌለው ቁጥቋጦ ነው፤ ቅርንጫፎቹ ግን ጥቃቅን ቢጫ አበባ ለብሰው ንብ ይዞራቸዋል። ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ብዙ ካየው በኋላ «የወይራ ዘመድ እኮ ነው» አለኝ። አሜሪካኖቹ የአገሬው ፕሪቬት የሚሉት የአጥር ቁጥቋጦ ነው፤ በዱር የሚያውቁት ግን ከዚህ ርቆ በስተደቡብ ነው፣ እዚህ አካባቢ ያለው ሁሉ ሰው በአጥሩ የተከለው ነው። ቆርጦ በሁለቱ ሳንቃዎች መሀል በጋዜጣ ተጭኖ ያደረቀውን አበባ የማኖሪያው ኃላፊ አይታ፣ «ከዚያው ቁጥቋጦ በነሐሴ ቅጠሉንና ፍሬውን ካመጣህ፣ ከሥሩም ራሱ የበቀለ ችግኝ ካገኘህ፣ በዱር የበቀለ ብለን በስምህ እንመዘግበዋለን» አለችው። ከሌላው እንዳይምታታበት ተመልሶ ሄዶ ነጭ ክር አሰረበት። ለማንም እንዳልናገር አላስጠነቀቀኝም፤ ቁጥቋጦ ማን ይፈልጋል ብሎ ይሆናል።

ከፋሲካ በኋላ አንድ እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ስንጫወት የታክሲ ነጂው የጋሽ ተፈራ ልጅ ሣራ «ዳድሽ ጭራሮ ነው የሚለቅመው፣ ማሚ ናት ያለችው» አለችኝ። ልጆቹ ሳቁ። በአባቴ አፈርኩ፤ በማፈሬም ተናደድኩና «ጭራሮ አይደለም፣ ወይራ ነው» ብዬ ጮኽኩ።

አጥሩን ተደግፈው ሲያወሩ የነበሩት ሰዎች ወደ እኔ ዞሩ። «ወይራ? ኮሎራዶ ውስጥ?» አሉ ጋሽ ተፈራ፣ ጎንበስ ብለው። «የት ነው የኔ እመቤት? መፋቂያ ካየን ስንት ዓመታችን።» ሣራ እየሰማች ስለነበር ድልድዩንም፣ የእግር መንገዱንም፣ ነጩን ክርም አንድ በአንድ በኩራት ነገርኳቸው።

ሙቀቱ ሲገባ ጋሽ ተፈራ ቤታችን መጥተው፣ በጣት ልክ የተቆረጡ እንጨቶች ለአባቴ ሰጡት። «እንደ አገር ቤቱ አይሆንም፣ ይሰባበራል። ያው ከምንም ይሻላል ብዬ ነው ወንድሜ።» እንጨቶቹ የታሰሩት በነጩ ክር ነበር። አባቴ ክሩን በጣቱ ሲዳብስ ቆየና «እግዜር ይስጥልኝ። ማን አሳየዎት?» አላቸው። ጋሽ ተፈራ ወደ እኔ አዩ፤ ምን እንዳነበቡብኝ አላውቅም። «እንዲሁ ስናልፍ አገኘነው» አሉ። ክሩን ያሰረው አባቴ ነው፤ ቦታውን ከእሱ በቀር የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አባቴ ግን ቀና ብሎ አላየኝም።

ፍሬው በሚደርስበት ጊዜ ሄድን። የቀረው ጉቶ ነበር፤ ሥሩ በሰው እግር ተረጋግጦ ችግኝ ቢኖርም የሚታይ አልነበረም። ቤት ስንመለስ፣ የእንግሊዝኛ ጽሕፈቴ ስለሚያምር፣ እንደ ሁልጊዜው እሱ እየነገረኝ አበባው የተለጠፈበትን ወረቀት ግርጌ እኔ ጻፍኩ፤ «አበባ ብቻ። ቅጠልና ፍሬ አልተገኘም።» ለምን እንዳልተገኘ አላስጻፈኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ወረቀቱን አስረክቦ መጣ፣ ከዚያ ወዲያ አልሄደም። እናቴም መሳለቁን ተወች። አባቴ ጡረታ እስኪወጣ አንሶላ አጠበ። ቦታውን የተናገርኩት እኔ መሆኔን ያውቅ እንደነበር ሳልጠይቀው ሞተ።

ዛሬ ወረቀቱ ፎቶ ተነሥቶ ኢንተርኔት ላይ ወጥቷል፣ የፈለገ ሁሉ ያየዋል። ከልጅነት ጽሕፈቴ ሥር ሌላ እጅ «ምናልባት ሰው የተከለው» ብሎ ጨምሮበታል። ያኔ አባቴ ስሙ የትም ስላልተጻፈ ይቆጨው ነበር፤ አሁን ስሙ ተጽፏል፣ አጠገቡ ግን ይህ አለ። ቁጥቋጦው ከጉቶው አቆጥቁጦ ከቁመቴ በላይ ሆኗል፣ ከሥሩም ችግኝ በቅሏል። ይሁንና አንድ ሰው በሰበሰበው ላይ ሌላ ሰው የሰበሰበው አይጨመርም፣ ደንቡ ነው፤ የእኔ ሌላ ወረቀት ይሆናል እንጂ የእሱን አይሞላም።

ሰሎሞን ከሞተ ወዲህ ብቻዬን ወደ ጅረቱ መሄድ ጀምሬያለሁ። በመጋቢት አበባውን፣ በነሐሴ ቅጠሉንና ፍሬውን ቆርጬ፣ በሁለቱ ሳንቃዎች መሀል አድርጌ ቀበቶውን አጠብቃለሁ። ክር አላስርበትም።