ያደባለቀ ይተዋል

ኤልውድ ሆስተተር የተተኮሰ ጥይት ቀለህ ከመሬት ሲያነሱ የሚንበረከኩት በአንድ ጉልበታቸው ብቻ ነበር። በሁለቱም ከተንበረከኩ ያለ ደጋፊ አይነሱም፤ ድጋፍ መጠየቅ ደግሞ አይወዱም። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሸለቆው የተኩስ ክበብ የሚመጣ ሁሉ በዚህ አጎነባበሳቸው ያውቃቸዋል። እንደ ቁራ የሚያብረቀርቅ ነገር አይተው ስለማያልፉ «ቁራው» የሚል ስም ወጥቶላቸው ነበር።

«ቁራው መጣ! የወርቅ ጥርስ ያላችሁ አፋችሁን ዝጉ!» ይላል የተኩሱን መስመር የሚቆጣጠረው ሌስተር፣ ገና የመኪናቸውን ድምፅ ሲሰማ።

«አንተ ዝጋ እንጂ! ለቆርቆሮ ጥርስ የሚያጎነብስ ቁራ የለም» ይሉታል ባልዲያቸውን እያወረዱ።

ጉልበታቸውን የጨረሱት በመስታወት ፋብሪካው እቶን ፊት ቆመው ነው። ፋብሪካው ሲዘጋ ጡረታቸው ተሸራረፈ፣ ሚስታቸውም ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ። ጥይት ከሱቅ መግዛት የማይሞከር ሆነባቸው። ባዶ ቀለህ ግን በደንብ ከተያዘ ተደጋግሞ ይሞላል። ያረጀው እሳት ማስነሻ ከቂጡ ይወጣና አዲስ ይገባል፣ ባሩድ ተለክቶ ይጨመራል፣ አረር ይገጠምለታል። ይህን የሚሠሩት ከቤታቸው ሥር ባለው ክፍል፣ አንድ ጠባብ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ወንድሜ ሮይስም ሙያውን የተማረው እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ ከሳቸው ነው። የሁለቱም ጠመንጃ ሠላሳ-ሠላሳ የሚባለው ዓይነት ስለሆነ ቀለሃቸው አንድ ዓይነት ነው።

ባዶ ቀለህ መልቀም ምን ሥርዓት ያስፈልገዋል የሚል ሰው ይኖራል። ሌስተር «መስመሩ ቀዝቅዟል!» ብሎ ተኩሱ መቆሙን ሳያውጅ፣ ጠመንጃዎቹም ባዶነታቸው ታይቶ ጠረጴዛ ላይ ሳይጋደሙ ማንም አያጎነብስም። ከመስመሩ ወዲያ ሣር ውስጥ የወደቀው የሣሩ ነው። ሰው ምንጣፍ ላይ ያረፈው የባለ ምንጣፉ ነው። ሲሚንቶው ላይ የተበተነው ደግሞ ተኳሹ «ትፈልገዋለህ?» ተብሎ ሳይጠየቅ አይነካም። እሱም ቢሆን የሚጠየቀው የጆሮ መከላከያውን ካወለቀ በኋላ ነው፤ ያልሰማ ሰው መለሰ አይባልም። የሁለት ሰው ቀለህ ተቀላቅሎ መለየት ካልተቻለ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይታይና ያ ሰው ክምሩን በሙሉ ለሌላው ይለቃል። በክበቡ ቋንቋ «ያደባለቀ ይተዋል» ይባላል።

ሕጉን ያወጡት ኤልውድ አይደሉም፤ እንደሳቸው ያጠበቀው ግን አልነበረም። አንድ ጊዜ ከከተማ የመጣ ጠበቃ የጎረቤቱን ቀለህ ዝም ብሎ ወደ ኪሱ ሲከት አዩትና «ጌታዬ፣ ሰውዬው እኮ አልሞተም፤ ምነው መውረስ ጀመርክ?» አሉት። ጠበቃው ቀለሁን አንድ በአንድ መለሰ።

ሮይስ የካቲት ላይ ሞተ። እንጨት ሲቆርጥ ዛፉ ባልታሰበ በኩል ወደቀበት። የምሠራው በአውራጃው መዝገብ ቤት ስለሆነ የሞቱን ወረቀት ከቦታው ያስገባሁት እኔ ነኝ። ስሙ በትክክል ተጽፏል።

ሚስቱ ጆሊን የመሣሪያ ክፍሉን ስታጸዳ ሮይስ በእጁ የሞላው አንድ ፓኮ ጥይት አገኘች። የቀረው የእጁ ሥራ ያ ብቻ ነበር። «የተሞላ ነገር ቤት ውስጥ አላስቀምጥም» አለችኝ። «በራሱ ጠመንጃ እተኩሰዋለሁ፤ ቀለሁን ግን እስክሞት ይዤው እኖራለሁ።»

ሰኔ ላይ አንድ ቅዳሜ አብረን ሄድን። ሙቀቱ ያደክማል። ጆሊን ቀስ እያለች፣ በየመሀሉ እያረፈች ተኮሰች። እጀታውን በሳበች ቁጥር ቀለሁ በትከሻዋ ላይ እየዘለለ ሲሚንቶው ላይ ይንከባለላል። ጨረሰችና ጠመንጃውን አጋደመች፤ እንባዋ መውረድ ጀመረ። ሌስተር መስመሩ መቀዝቀዙን ሲጮህ የዒላማውን ወረቀት ላመጣላት ወደ ሜዳው ሄድኩ። ስመለስ ሲሚንቶው ንጹሕ ነበር። እሷ የለቀመች መሰለኝ፤ እሷም እኔ የለቀምኩ መስሏት ኖሯል። ቤት ደርሰን ቦርሳዎቻችንን ስንከፍት ተያየን።

ለኤልውድ ደወልኩ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ ያነሳሁት» አሉ። «ጠይቄያት ራሷን ወዘወዘች። አልፈልግም አለች።»

«ኤልውድ፣ እያለቀሰች ነበር እኮ፤ ራሷን ያወዛወዛት ልቅሶው ነው።»



«መከላከያው ጆሮዋ ላይ ነበር» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። «አይቼዋለሁ። ፀሐዩ ወገቤን ቆርጦት ነበር፤ ቶሎ ጨርሼ ልሂድ ብዬ ነው።»

«አሁን የት ናቸው?»

«ማጽጃው ውስጥ። ከኔዎቹ ጋር።»

ማጽጃው በተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳ የተሞላ፣ ቀለህ ተጨምሮበት የሚሽከረከር በርሜል ነው። ከዚያ የወጣ ቀለህ ጥላሸት አይታይበትም፤ ሁሉም አንድ መልክ ይሆናል።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጆሊን ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሳለን ኤልውድ መጡ። ባልዲው ከብዷቸው በየደረጃው እያሳረፉ ወጡና እግሯ ሥር አስቀመጡት። ሠላሳ-ሠላሳ ሞልቶታል።

«የሱ እዚህ ውስጥ ነው» አሏት። «የትኛው እንደሆነ ግን አላውቅም። ከትናንት ጀምሮ በማጉያ መነጽር ሳያቸው ነበር።»

«የየጠመንጃው መርፌ ሲመታ የራሱን ምልክት ይተው የለም እንዴ?» አልኩ።

«ምልክቱ የሚቀረው እሳት ማስነሻው ላይ ነው። እሱን ደግሞ ከማጽዳቴ በፊት አውጥቼ ጥያለሁ።»

«ቀለሁ ላይ ያለው የሠሪው ፋብሪካ ማኅተምስ?»

«ልጄ፣ ለሮይስ ቀለህ የሚሰጠው ማን ነበር? እኔ እኮ ነኝ። ማኅተሙም አንድ ነው።»

ጆሊን አንዱን አንስታ ወደ ብርሃኑ ያዘችው፤ ከዚያ መለሰችው።

«አንድ እፍኝ አምጥተው የሱ ነው ቢሉኝ አምንዎት ነበር» አለች።

«አውቃለሁ። ማታ አስቤዋለሁም» አሉ። «ካመንሽኝ በኋላ ግን እንዴት አድርጌ ዓይንሽን አያለሁ?»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ለኔ ምን ያደርግልኛል?»

«ያደባለቀ ይተዋል። በሙሉ ያንቺ ነው።»

«ለመኸሩ አደን ምን ሊተኩሱ ነው?» አልኩ።

«ጉልበትም የለኝ። አጋዘኖቹም ይረፉ።»

መመዘን ይቻላል፣ ርዝመታቸውን መለካት ይቻላል፣ ጊዜ ቢወስድም እኔ እቀመጥበታለሁ ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። ጆሊን አላስጨረሰችኝም።

«ተይው። ደክሞኛል። እዚህ ውስጥ አለ አይደል? አለ። በቃ።»

በኔ ሥራ «እዚህ ውስጥ የሆነ ቦታ አለ» ብሎ መዝገብ የለም።

ኤልውድ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ጆሊን ውሃ አመጣችላቸው፤ ጠጥተው ብርጭቆውን መለሱና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ባልዲው ግን የኔ ነው።»

«ምን አሉ?»

«ባልዲውን አልደባለቅሁትም።»

ጆሊን መጀመሪያ አፍጥጣ አየቻቸው፤ ከዚያ ከየካቲት ወዲህ ያልሰማሁት ሳቅ አመለጣት። «እርስዎ ቁራ!» አለቻቸውና ባልዲውን በሁለት እጇ ገለበጠችው። የናስ ቀለሁ በረንዳው ጣውላ ላይ ተንኳኩቶ ፈሰሰ። አንዳንዱ ወንበሩ ሥር ገባ፣ አንዳንዱ በደረጃው ወረደ። ሳቋ መሀል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። እዚያው ክምሩ አጠገብ ተቀመጠችና ደረጃው ላይ የተንጠባጠበውን እንድለቅም በእጇ አሳየችኝ። ኤልውድ ባዶውን ባልዲ ይዘው ወደ መኪናቸው ሄዱ።

በዚያ መኸር ኤልውድ ለአደን ተራራ አልወጡም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን እንደ ድሮው ይመጣሉ፤ ሠላሳ-ሠላሳ የሚተኩስ ሰው ሲያዩ ፈንጠር ብለው ይቆማሉ፤ የጆሮ መከላከያው ሳይወልቅ አይቀርቡም።