ያልተነካችው ድርጭት

በብርዱ ወራት ማብቂያ ከአትላንታ ወደ ደቡብ ስነዳ፣ መስኮቱን ጥርቅም አድርጌ ዘግቼ እንኳ የተቃጠለ ሣርና የጥድ ቅጠል ሽታ መኪናው ውስጥ ሰርጎ ይገባል። አብሮኝ የተሳፈረ ሰው ካለ «አንድ ነገር እየነደደ ነው!» ብሎ ይደነግጣል፤ እኔ ግን ፈገግ እላለሁ፣ ምክንያቱም ያ ሽታ በአፍንጫዬ ሲገባ ወዲያው የአሥር ዓመት ልጅ እሆንና፣ ፊቴ ጥላሸት ጠጥቶ፣ አባቴ አካፋ ተሸክሞ ከወዲያ ወዲህ እየተራወጠ፣ ከጓንት የማይበልጥ ቡችላ ጃኬቴ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል።

ያን ጊዜ የምንኖረው አትላንታ ዳር ስኮትዴል ነበር፤ ከአፓርትመንት ወጥተን ጓሮ ያላት ትንሽ ቤት ከተከራየን ገና ዓመት አልሞላንም። አባቴ ታደሰ በዲቪ ከመጣ ጀምሮ ዶራቪል ውስጥ መካኒክ ነበር፤ እናቴ ጽጌ ደግሞ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራ ነበር። ሚስተር ዋልተር የሚባሉ፣ ገጠር ውስጥ ሰፊ መሬት ያላቸው ሽማግሌ፣ ያረጀች ፒክአፓቸውን ከአባቴ በቀር ለማንም አያስነኩም ነበርና እንዲህ እንዲህ እያሉ ወዳጅ ሆነው ቅዳሜ ቅዳሜ እሳቸው ዘንድ መሄድ ጀመርን። ሽማግሌው የሚንከባከቡት ድርጭት ነበር። አያረቧቸውም፣ አይመግቧቸውም፤ ድርጭቶቹ ዱር አዳሪ ናቸው፣ እሳቸው የሚያደርጉት ቤቱን ማሰናዳት ብቻ ነው። ብርዱ ሊወጣ ሲል ከጥዱ ሥር ያለውን ደረቅ ሣር በየተራው እያቃጠሉ ጫጩት የሚሽሎከለክበት ለምለም ሣር እንዲበቅል ያደርጋሉ፣ በመሬቱ ዳር ዳር ማሽላ ይዘራሉ፣ እሾሃማውን ቁጥቋጦ ደግሞ ጭልፊት ሲመጣ መሸሸጊያ እንዲሆን አይነኩትም። ቡችላውን ለአባቴ የሰጡት ታዲያ በመጀመሪያው የእሳት ቀናችን ማታ ላይ ነው፤ የእሳቸው አዳኝ ውሻ ወልዳ ነበር።

አባቴ ፊቱ ኮስተር ያለ ነው ብሎ ዳኛው አለው። እናቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። እሷ ውሻ አትጠላም፤ የምትጠላው የውሻ አፍ ነው።

«ታደሰ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«አዳኝ ውሻ ነው ጽጌዬ። ሲያድግ ወፍ ያገኝልናል፣ ያላንቺ ማን ይሠራዋል?»

«ውሻ አፉን የከተተበት ሥጋ ድስቴ ውስጥ አይገባም። በጥይት ሞቶ የወደቀም በክት ነው፣ አይገባም።»

«ሳይነካ እንዲያገኝ ትሬይን አደርገዋለሁ። እኔ ደግሞ ነፍሷ ሳይወጣ እደርስና ባርኬ አርዳለሁ።»

እናቴ ከት ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ለአባቴ የሚመች ዓይነት አልነበረም። «በል እንግዲያው እስከ ገና። እስከ ገና በወጉ የታረደች አንዲት ወፍ ካላመጣህልኝ ውሻው ለሰውየው ይመለሳል።»

«ማም፣ ፕሊስ!» ብዬ ጮህኩ።

«አንቺ ደግሞ እጅሽን ታጠቢ» አለችኝ። እኔ ግን የዚያን ዕለት ማታ ወንድምም እህትም የሌለኝ ልጅ መሆኔ ቀርቶ ነበርና፣ ገና የሚባለው በዓል ከዚያች ቀን ጀምሮ ያስፈራኝ ጀመር።

ሙቀቱ ሲገባ ጓሯችን ትምህርት ቤት ሆነች። ሰው ሁሉ አዳኝ ውሻን የወደቀውን ወፍ በአፉ አንስቶ እንዲያመጣ ያስተምራል፣ አባቴ ግን በተገላቢጦሽ እንዳያነሳ ያስተምር ነበር። በላባ የተጠቀለለ ካልሲ ሣር ውስጥ ይደብቅና «ፈልግ!» ይለዋል፤ ዳኛው እያነፈነፈ ሄዶ ሲያገኘው አንድ እግሩን አንስቶ፣ ጭራውን ወድሮ እንደ ሐውልት ቀጥ ይላል፤ ወዲያው አፉን ሊልክ ሲል አባቴ «አትንካ!» ብሎ ይጮሃል። ሽልማቱ ዳቦ ቆሎ ነበር፤ እሱንም ቢሆን ስሙ ተጠርቶ ካልተፈቀደለት አይነካም። እናቴ ለሥራ የምትቋጥረው ዳቦ ቆሎ ከዕለት ወደ ዕለት እየጎደለ ሲሄድ እኔን ትጠረጥር ነበር፣ እኔም ለወንድሜ ለዳኛው ስል ጥፋቱን ተሸክሜዋለሁ። ሚስተር ዋልተር አንድ ቀን መጥተው ይህን ትምህርት ካዩ በኋላ ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው «ታደሰ፣ በሕይወቴ ሙሉ ውሻ ሳሠለጥን ይህንን ለማጥፋት ነበር የምደክመው» አሉት። አባቴ የበክትን ነገር በእንግሊዝኛ ሊያስረዳቸው ብዙ ከለፋ በኋላ፣ ወደ እኔ ዞሮ «ማሂ፣ አንቺ ንገሪያቸው» አለኝ፤ እኔም «ሚስቱን ይፈራል» ብዬ በአጭሩ ተረጎምኩላቸው። ወዲያው ገባቸው።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ሽማግሌው ማለዳ ማለዳ ማሽላው ዳር ያቆሙንና ድርጭቶቹ ሲነቁ እየተፏጩ ሲጠራሩ ያሰሙን ነበር፤ ከፉጨቱ በየት በኩል ስንት መንጋ እንዳለ ይለያሉ። ድርጭቶች በብርድ ሌሊት ጭራ ለጭራ ገጥመው፣ ፊታቸውን ወደ ውጪ አዙረው፣ ክብ ሠርተው ይተኛሉ፤ ስለዚህ ከአንድ መንጋ ብዙ ከተገደለ የተረፉት የሚያሞቃቸው አጥተው ያልቃሉ። «ከእያንዳንዱ መንጋ ትንሽ ትንሽ፣ ከዚያ በቃ» ይሉ ነበር ሚስተር ዋልተር፣ በቃ ካሉ ደግሞ በቃ ነው።

አደኑ በተከፈተ ቀን የሽማግሌው ጓደኞች ተሰብስበው ነበር። ዳኛው አነፈነፈ፣ ቀጥ አለ፣ መንጋው ብር ብሎ ተነሳ፣ አባቴ በውሰት ጠመንጃ ተኮሰ፣ አንዷ ወደቀች። ውሻው እየበረረ ሄዶ አገኛትና አጠገቧ ቁጭ ብሎ አባቴን ያይ ጀመር። ሰዎቹ «ምን እየጠበቀ ነው?» እያሉ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አባቴ ቢላውን መዝዞ እየሮጠ ሲደርስ ወፏ ሞታለች። በሚቀጥለው ቅዳሜም ሞታ ጠበቀችው፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ፈጽሞ ይስታት ጀመር። ሁለቱም የበክት ድርጭቶች ሚስተር ዋልተር ጋ ቀሩ፤ እኛ ባዶ እጃችንን በገባን ቁጥር እናቴ ሽሮዋን እያማሰለች «ቆቅ ወዲህ፣ ምዝግዝግ ወዲያ» ትላለች። ጾመ ነቢያትም ገባ። አባቴ ጾሙን ረስቶት ኖሮ፣ ወፏ ብትገኝም እስከ ገና ፍሪዘር ውስጥ እንደምትቆይ ሲነገረው ራሱን ያዘ።

ገና ሊደርስ ሲል የመጨረሻው ቅዳሜ መጣ። እናቴ ጠዋት ስንወጣ የውሻውን ማሰሪያም ይዘን እንድንሄድ አዘዘችን፤ ወፍ ካልተገኘ እዚያው ታስሮ ይቀራል ማለቷ ነው። መንገዱን ሁሉ ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አስተኝቼ ሄድኩ። እንደ ደረስን ዳኛው የመጀመሪያውን መንጋ አገኘ፤ አባቴ ጠመንጃውን ገና ሲያነሳ ግን ሚስተር ዋልተር እጃቸውን ትከሻው ላይ አኖሩና «ከእነዚህስ በቃ» አሉት። እኔ እንባዬ መጣ። አባቴ ወደ እኔ አየ፣ ወደ ውሻው አየ፣ ከዚያ ጠመንጃውን ዝቅ አድርጎ «እሺ ሚስተር ዋልተር» አለ። ያኔ ተናድጄበት ነበር።

ከሰዓት በኋላ በወዲያኛው የማሽላ ዳር ሌላ መንጋ ተነሳ። አባቴ ተኮሰና አንዲቷን ክንፏን ብቻ መታት፤ መሬት ወድቃ በእግሯ እየሮጠች እሾሁ ውስጥ ገባች። ዳኛው ተከተላት፣ እኛም ዳኛውን ተከተልን፣ እጄ ተቧጭሮ ደርሼ ሳይ ወፏ ቁጥቋጦው ሥር ተወትፋለች፤ እሱ ደግሞ ሆዱን መሬት ላይ ለጥፎ፣ አፍንጫውን ስንዝር በማይሞላ ርቀት አስጠግቶ መውጫውን ዘግቶባታል። ለሐጩ ይንጠባጠባል፣ ሰውነቱ ሁሉ ይንቀጠቀጣል፣ ግን አልነካትም። አባቴ እያለከለከ መጥቶ ወፏን ያዘና ወደ ሰማይ ቀና አለ፤ ቀኑ ደመና ነበር።

«ሚስተር ዋልተር! ምሥራቅ በየት ነው?»

ሽማግሌው በእጃቸው አሳዩት፣ ከዚያም ምን እንደሚደረግ ባይገባቸውም ኮፍያቸውን አወለቁ። አባቴ በስመ አብ ብሎ አረዳት። እኔ ዳኛውን አንቄ ይዤ አለቀስኩ።

እናቴ ወፏን መብራት ሥር እያገላበጠች የጥርስ ምልክት ፈለገች፣ አንገቷን አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ነክቷታል?»

«አልነካትም።»

«ማርያምን በይ።»

«ማርያምን!»

የገና ዕለት እናቴ ያቺን ድርጭት እንደ ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት አወጣቻት። ሽንኩርቱ የሞላ ድስት፣ ቅቤው የሞላ ድስት፣ እንቁላሉ ከወፏ የሚተልቅ ወጥ ሠራች። ጎረቤቶቻችን መጡ፣ ሚስተር ዋልተር ክራባት አስረው መጡ፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንዳንድ ብልት በክብር ደረሰው። አንዱ እንግዳ የጥይቷን እርሳስ ጥርሱ ውስጥ አግኝቶ «ጽጌ፣ ይቺ ደግሞ አሥራ ሦስተኛዋ ብልት ናት?» ሲል ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አባቴ ግን አልሳቀም፤ የእናቴን ፊት ያይ ነበር። እሷ ከራሷ ድርሻ አጥንቱን አወጣች፣ ከመደርደሪያው ሳህን አነሳች፣ የእኛኑ ሳህን፣ ወደ ጓሮ ወጣችና ዳኛው ፊት አስቀመጠችው። ዳኛው ሥጋውን አየ፣ እሷን አየ፣ አልነካም።

«ብላ እንጂ! ታደሰ፣ ለምን አይበላም?»

አባቴ በሩን ተደግፎ «ስሙን ጥሪው» አላት።

እናቴ እስከዚያን ቀን «ያ ውሻህ» ከማለት በቀር ስሙን ጠርታው አታውቅም ነበር። ጎንበስ ብላ ነጠላዋን ሰበሰበችና ቀስ ብላ «ዳኛው፣ ብላ» አለችው። በላ። ከዚያ ወዲያ ስለ መመለስ የተነሳ ወሬ የለም፤ ዳኛው እኛው ቤት አረጀ፣ እኛው ቤት ሞተ።

አሁን ማሪዬታ ውስጥ ብቻዬን እኖራለሁ። ፍሪዘሬ በተቆራረጠ ዶሮ የተሞላ ነው፤ ማን እንዳረደው አላውቅም፣ ጠይቄም አላውቅም፣ ከሥራ ስገባ አንዱን አሙቄ ስልኬን እያየሁ ቆሜ እበላለሁ። የዚያን ዕለት የደረሰኝ ክንፍ ከአውራ ጣቴ አይበልጥም ነበር፤ እንደዚያን ቀን ጠግቤ የተነሳሁበት ገና ግን ከዚያ ወዲህ አልመጣልኝም።